ከ«ልጄ» ወደ «ወዳጄ»፦ የነፍስ አባትነት ድምፅ በኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥራዎች

የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ልብ ወለዶች «ምክርና ስብከት ይበዛባቸዋል» ተብለው ሲተቹ ኖረዋል። ትችቱ እውነትነት የለውም ማለት አይቻልም፤ ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ያልፋል። መካሪው ማን ነው? የሚመከረውስ? ይህ ጽሑፍ የምክሩን ድምፅ ከነፍስ አባትና ከንስሐ ልጅ ግንኙነት ጋር በማያያዝ፣ ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ (1870–1931 ዓ.ም.) ሥራዎች ሦስቱን ይመለከታል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንፈሳዊ ወላጅነት የሥጋን ዝምድና ቃላት ወስዶ የሥጋን ያህል ግዴታ ይጥላል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቆምላቸዋል፤ ዝምድናውም ጋብቻ ይከለክላል። በገዳማት የምንኩስና ሐረግ ሲቈጠር መምህሩ ደቀ መዝሙሩን «ወለደ» ይባላል። የነፍስ አባት ደግሞ ኃጢአትን በምስጢር ይሰማል፤ እንደ ሰውየው አቅም ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ቀኖና ይሰጣል፤ የተጣሉ ባልና ሚስትን ያስታርቃል። ልጁ ሲሞትም ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ በፍትሐትና በተዝካር ይቀጥላል።

ኅሩይ የወጡት ከዚህ ዓለም ነው። በመርሐ ቤቴ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ካደጉ በኋላ፣ ወደ እንጦጦ ራጉኤል ከመሻገራቸው በፊት በሰላ ድንጋይ ቆይተዋል። ሰላ ድንጋይ በ1919 ዓ.ም. ያረፉት ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ይዞታ ስለ ነበረች፣ የቤተ ክህነት ሥልጣንና ትምህርት ጐልተው የሚታዩባት ስፍራ ነበረች።

በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የግንኙነቱን ሁለት ወገን በርእሱ ላይ አስፍሯል። አባት ይመክራል፤ ልጅ ያስታውሳል። ዕዳው የሁለቱም ነው። ነገር ግን ምክሩ በማተሚያ ቤት ሲያልፍ ጠባዩ ይለወጣል። የነፍስ አባት የልጁን ስምና ቁስል ያውቃል፤ መጽሐፍ ግን የማያውቀውን ሁሉ «ልጄ» ለማለት ይገደዳል።

በ1915 ዓ.ም. የወጣው «ወዳጄ ልቤ» ለዚህ ችግር መልስ የሰጠ ይመስላል። መጽሐፉ ከእንግሊዛዊው ጆን በንየን መንፈሳዊ የጉዞ ታሪክ ጋር ያለው ዝምድና በተመራማሪዎች የታወቀ ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው አጠራሩ ነው። ሰው ከገዛ ልቡ ጋር ሲመክር «ልጄ» የሚለው ቀርቶ «ወዳጄ» ይላል። የአንባቢውን ምስጢር ከውጭ ማወቅ ያልቻለው መካሪ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

በ1925 ዓ.ም. የታተመው «አዲስ ዓለም» ነገሩን ይገለብጠዋል። ባለታሪኩ አወቀ የተጕለት ልጅ ነው፤ አገሩ ሰላ ድንጋይ ካለችበት ምድር አይርቅም። በፓሪስ ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹና ከካህናቱ ጋር የሚጋጨው በሌላ ሳይሆን በጋብቻና በተዝካር ነው። ሁለቱም የነፍስ አባት ድርሻ ያለባቸው ጉዳዮች ናቸው። በተለይም ተዝካር፣ አባትነቱ ከሞት በኋላ የሚገለጥበት እንደ መሆኑ፣ የድግሱን ብዛት መቃወም ለዘመዶቹ ሟቹን እንደ መካድ ይቈጠራል። አወቀ ግን ሃይማኖቱን አልተወም፤ እንዲያውም ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲፈጸም ይሻል። የሚመክረው ልጁ፣ የሚመከሩት አባቶች ሆኑ። የሚመክራቸውም በራሳቸው ሕግ ነው።

እንግዲህ በሦስቱ ሥራዎች ውስጥ ምክሩ አንድ ዓይነት ሆኖ አልቈየም። መጀመሪያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ቀጥሎ ከሰው ወደ ልቡ፣ በመጨረሻም ከልጅ ወደ አባት ሄዷል። «ስብከት በዛ» የሚለው ሒስ ይህን ጉዞ ይሸፍነዋል። የእነዚህን መጻሕፍት ምክር የኪነት ጉድለት ብቻ አድርጎ ከማለፍ፣ አባትነት በማን እጅ እንዳለ የሚከራከሩበት ስፍራ አድርጎ ማንበቡ የተሻለ ፍሬ ይሰጣል። ምክሩ ለአንባቢ ቢያሰለችም፣ ክርክሩ ግን ለጸሐፊው የገዛ አስተዳደጉ ጉዳይ ነበር።