በየቤት ሆኖ በጋራ የሚታይ የመርማሪ ፊልም

በበይነመረብ ፊልምን በጋራ መመልከት ማለት፣ በተለያዩ ከተሞች የሚኖሩ የፊልም አፍቃሪዎች አንድን ፊልም በተመሳሳይ ሰዓት ከፍተው፣ እያዩ በጽሑፍ ሐሳብ የሚለዋወጡበት ልማድ ሲሆን፣ ፍንጭን ከፍንጭ ለሚያገናኘው የመርማሪ ፊልም በእጅጉ ይስማማል። ጆን ሂዩስተን በዳሺል ሃሜት ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በ1941 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መርማሪው ማይልስ አርቸር ሲገደል፣ ካሜራው የሚያሳየው ሟቹንና ሽጉጥ የጨበጠ እጅን እንጂ የገዳዩን ፊት አይደለም፤ ሆኖም የሟቹ ሽጉጥ ከወገቡ ሳይመዘዝ፣ ካፖርቱም እንደተቆለፈ መገኘቱ፣ ገዳዩ ሟቹ ያልጠረጠረው ሰው መሆኑን ይጠቁማል። በጋራ ሲታይ አንዱ የሳተውን ሌላው ስለሚያስተውል፣ እንዲህ ያለው ዝርዝር አይታለፍም፤ ፍጻሜውን የሚያውቁት ተመልካቾች ለአዲሶቹ ሲሉ ምስጢሩን መጠበቃቸውም የልማዱ ትልቁ ጨዋነት ነው።