መድኃኒት የተላመደው መርዘኛ ስታፍ

ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ ባጭሩ ስታፍ፣ ከአሥር ጤነኛ ሰዎች በሦስቱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በአብዛኛው ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። በተላጠ ወይም በተቆረጠ ቆዳ በኩል ሲዘልቅ ግን ብጉንጅ ያወጣል፣ መግል ይቋጥራል፤ ደም ውስጥ ከገባም አጥንትና ልብ ድረስ ይሄዳል።

ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ስታፍ የተስፋፋው መድኃኒቱ በሥራ ላይ በዋለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነበር። ለዚህ መልስ ይሆናል የተባለው ሜቲሲሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ1961 እሱንም የተላመደ ስታፍ እንግሊዝ አገር ተገኘ። የፔኒሲሊን ዘመዶች ባክቴሪያውን የሚገድሉት ግድግዳውን በሚሠራው ፕሮቲን ላይ ተጣብቀው ነው። የተላመደው ስታፍ መድኃኒቱ የማይጣበቅበት ምትክ ፕሮቲን ስላለው እነ አሞክሲሲሊን አይነኩትም።

መርዙ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1932 መርዙን ባጠኑት ፓንተንና ቫለንታይን ስም የሚጠራው ይህ መርዝ ባክቴሪያው ለየብቻ የሚረጫቸው ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲኖቹ ነጭ የደም ሕዋስ ላይ ይገናኙና ቀለበት ሠርተው ሽፋኑን ይበሱታል። ሕዋሱ ሲሞት በውስጡ ያለው ፈሶ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጎዳል። የመርዙን ዘረመል ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚያሻግረው ቫይረስ ነው። መድኃኒት በቀላሉ የሚገድለው ስታፍም መርዙን ሊይዝ ይችላል፤ አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። የከፋው መድኃኒት መላመዱና መርዙ አንድ ባክቴሪያ ላይ ሲገናኙ ነው።

ይህ መገናኘት ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ነው። ከ1997 እስከ 1999 በሚኒሶታና በሰሜን ዳኮታ አራት ልጆች በዚህ ዓይነት ስታፍ ሞቱ። መድኃኒት የተላመደ ስታፍ የሆስፒታል ችግር ብቻ ነው ይባል ነበር፤ እነዚህ ልጆች ግን ከሆስፒታል ጋር ንክኪ አልነበራቸውም። በነሐሴ 2004 በ11 ከተሞች ድንገተኛ ክፍሎች በተደረገ ጥናት መግል ለያዘ የቆዳ ኢንፌክሽን ከመጡት ታካሚዎች ከመቶ 59ኙ ይህ ስታፍ ተገኘባቸው፤ አብዛኛውም ዩኤስኤ300 የተባለው መርዘኛ ዝርያ ነበር። እስር ቤት፣ ካምፕ፣ የስፖርት ቡድን፣ ፎጣና ምላጭ መዋዋስ፣ ቆዳ ለቆዳ መነካካት፦ መተላለፊያው ይኸው ነው። ብዙ ሕሙማን ቁስላቸውን ሸረሪት የነከሳቸው መስሏቸው ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሳንባን የሚያበሰብሰው የሳንባ ምች ነው። የፈረንሳይ ሐኪሞች በ2002 እንደገለጹት በአመዛኙ የሚያጠቃው ጤነኛ የነበሩ ልጆችንና ወጣቶችን ሲሆን፣ ከኢንፍሉዌንዛ መሰል ሕመም በኋላ ይመጣል፤ ደም ያስተፋል፣ በቀናት ውስጥም ይገድላል። ጥፋቱ ሁሉ የዚህ መርዝ ብቻ ነው ወይ የሚለው አሁንም ያከራክራል። መርዙ የአይጥ ነጭ የደም ሕዋሳትን እምብዛም ስለማይጎዳ የአይጥ ሙከራዎች ክርክሩን አልፈቱትም፤ የጥንቸልና የሰው ሕዋሳት ግን ይሞታሉ።

ሕክምናው እንደ ቁስሉ ነው። ለትንሽ ብጉንጅ ሐኪም በስቶ መግሉን ቢያወጣው ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ እንክብል ግን በአብዛኛው ጊዜ ማባከን ነው። በከባድ ሕመም ቫንኮማይሲን ይሰጣል፤ ክሊንዳማይሲን ወይም ሊነዞሊድ የሚመረጠው ደግሞ የባክቴሪያውን የፕሮቲን ሥራ ስለሚያስቆም መርዙም ስለሚቀንስ ነው። ብጉንጅን በእጅ ማፍረጥ ጀርሙን ወደ ውስጥ መግፋት ነው፤ ጉንፋን ይዞት የቆየ ልጅ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደም ከተፋ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሊደርስ ይገባል።