አግዳሚው ብረት

የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ከጮኸ የሆነ ሰፈር ኮሚቴ ነው፤ ጥያቄውም ያው ነው፦ «መኪና እንዳይገባብን በር ንደፍልን።»

አንዴ የሄድኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን ኮብልስቶን አንጥፎ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ጫፍ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሌሊት ሌሊት በሲኖትራክ አሸዋ ያስገባ ጀመር። ስደርስ ጎማው የሄደበት ሁለት መስመር ቦይ ሆኖ ውሃ ቋጥሯል። የእድሩ ሊቀመንበር በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ «ልጄ፣ ከጡረታዬ ነው የከፈልኩት» አሉኝ።

ምን ይመለስላቸዋል? እውነታቸውን ነው። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በተካሄደው ትልቅ የመንገድ ሙከራ፣ የአንድ አክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ታይቷል። በዚህ ስሌት የ10 ቶን አክስል አንዴ ሲያልፍ የ1 ቶን አክስል 10,000 ጊዜ ከመመላለሱ ጋር ይስተካከላል። ሙከራው በአስፋልትና በኮንክሪት ላይ ስለነበር ቁጥሩን እንዳለ ወደ ኮብልስቶን አላመጣውም። ግን የሰፈሩ ቪትዝ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ቢመላለስ ያንን ቦይ አይቆፍርም።

ስለዚህ በር አያስፈልግም፣ ከባድ መኪና የሚከለክል አግዳሚ ብረት ይበቃል አልኳቸው። ወረዳውን አስፈቅዱ ስላቸው አንዱ ተቆጣ፤ «የራሳችን መንገድ አይደል?» አይደለም። የነሱ ድንጋዩ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድን ከሕዝብ አገልግሎት ንብረቶች ጋር ነው የቆጠረው፤ መዋጮ ያንን አይለውጠውም። አኩርፈውም ቢሆን አስፈቀዱ።

ብረቱ እየተነሳ የሚዘጋ እንዲሆን ነበር የነደፍኩት። ማጠፊያው ብር ያስወጣል ብለው በ2.50 ሜትር ከፍታ ላይ ከሁለቱ ምሰሶዎች ጋር አስበየዱት። የእሳት አደጋ መኪናስ በየት ይግባ? ቁመቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ 10,000 ሊትር ውሃ ከያዘ ደግሞ ውሃው ብቻ 10 ቶን ነው። ድንጋዩን ቢጎዳም መግባት አለበት፤ ብረት ግን አሸዋ የጫነውንና ውሃ የጫነውን አይለይም። ይህን ስነግራቸው፣ «እሱ አይመጣብን» ብለው አማተቡ፤ እኔም ወጣሁ።

ከወራት በኋላ ራሳቸው ደወሉ። እሳት አልተነሳም። ሽንት ቤት ሞልቶ ነው። የመምጠጫው ቦቴ ብረቱ ሥር ደርሶ ቆሟል፣ ሹፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ቱቦው ደግሞ ከሊቀመንበሩ ግቢ አይደርስም። (ስለ እሳት ግማሽ ሰዓት ለፍልፌ ያልሆነልኝን ሽታው በአንድ ጠዋት ጨረሰው።) በያጅ ተጠርቶ ብረቱ ተቆረጠ፣ ማጠፊያና ጓጉንቸር ተገጠመለት።

ሥራውን ልረከብ ስሄድ ሰላም ከተባባልን በኋላ ሰዓቴን አየሁና «እስቲ ክፈቱልኝ» አልኩ። ዘበኛው ቁልፉ ገንዘብ ያዡ ጋ ነው አለ። ገንዘብ ያዡ መርካቶ ናቸው። ባለቤታቸው ከመሳቢያ ፈልገው አምጥተው ጓጉንቸሩ እስኪከፈት 11 ደቂቃ ሄደ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይደነግጥ። ጭስ ባለበት ሌሊት ቢሆንስ? አሁን ንድፍ ስሠራ ከብረቱ ውፍረት ቀድሜ የምጠይቀው ማታ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር ነው።

«ሦስት ቁልፍ አስቀርጹ፤ አንዱ ከዘበኛው አንገት አይውረድ» አልኳቸው። ጸሐፊው ጻፈ። «ለዘበኛማ ከሰጠን በ200 ብር ሲኖ ያስገባል» አለ አንዱ። «ለአንተስ ብንሰጥህ?» አለችው ከኋላ አንዲት ሴት፤ ሳቁ። ሊቀመንበሩ ወንበር እንዲመጣ አዘዙ። ብረቱን ለማቆም ሁለት ስብሰባ በቅቷቸው ነበር፤ ለቁልፉ ግን ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ገና አልተስማሙም ነበርና ተሰናብቼ ወጣሁ።