ሞለኪውልን ከቀለም ጋር የሚያቆላልፈው ኬሚስትሪ

ሮማ ውስጥ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ በምታስኬደው ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ፣ በሰው ግርግር መካከል ወዳጁን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በስልክ «ምን ለብሰሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሕያው ሴልን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ባለሙያም እንዲሁ ነው፤ ስፍር ቁጥር ከሌላቸው ሞለኪውሎች መካከል የሚሻውን ለመለየት ቀለም ሊያለብሰው ይገባል። ለዚህ የሚመረጠው፣ አንድ ዓይነት ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም የሚያበራው ፍሎረሰንት ቀለም ነው።

ችግሩ የቀለሙ ግዝፈት ነው። በትንሽ የስኳር ሞለኪውል ላይ ይህን ቀለም ማሰር ሕፃን ልጅን ጆንያ እንደ ማሸከም ይቆጠራል፤ ስኳሩ የተፈጥሮ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ሥራው በሁለት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ሦስት የናይትሮጅን አተሞች ብቻ ያሉት «አዛይድ» ከስኳሩ ጋር ይያያዛል፤ ሴሉም ልዩነቱን ሳያስተውል ይጠቀምበታል። ቀጥሎ «አልካይን» የተሰኘ ተጓዳኝ ያለው ቀለም ሲጨመር፣ ሁለቱ እንደ ሸሚዝ ቁልፍና ቀዳዳው ይቆላለፋሉ። «ክሊክ ኬሚስትሪ» መባሉም ከዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ባሪ ሻርፕለስና ሞርተን ሜልዳል፣ መዳብ ይህን ቁልፊያ እንደሚያፋጥነው በየፊናቸው አሳዩ። መዳብ ግን ለሕያው ሴል መርዝ ነው። ካሮሊን በርቶዚ በ2004 አልካይኑን ስምንት ካርቦን ባለው ቀለበት ውስጥ አጎበጠችው፤ የጎበጠው ትስስር ውጥረት የመዳብን ድርሻ ተካ። ሦስቱም በ2022 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ሌላም እንከን ነበር፤ ያልተቆላለፈው ትርፍ ቀለምም ያበራልና መታጠብ አለበት። ተገቢው ቦታ እስኪደርሱ ጨለማ ሆነው የሚቆዩ ቀለሞች የተሠሩት ለዚህ ነው።

ጥቅሙ በሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ጎልቶ ይታያል። የበርቶዚ ቡድን በ2012 አዛይድ ያለበትን ትሬሃሎዝ የተባለ ስኳር ለማይኮባክቴሪያ በመመገብ፣ ኋላም ቀለም በማቆላለፍ ባክቴሪያውን አበራ። በ2018 ደግሞ ቡሩንዲ የተወለደችው ሚሬይ ካማሪዛና ባልደረቦቿ መንገዱን አሳጠሩት፦ ቀለሙ ከመነሻው ከትሬሃሎዝ ጋር ተያይዞ፣ በባክቴሪያው ቅባታማ ሽፋን ውስጥ ሲገባ ብቻ ይበራል። ማጠብ አያሻውም፤ ክሊክም አይደለም፣ ግን የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው።

በአክታ ምርመራ የተለመደው የዚል-ኔልሰን ቀለም የሞተውንም ሕያውንም ባክቴሪያ እኩል ያቀላል። በመሆኑም መድኃኒት ከጀመረ ወራት ያለፈው ታማሚ አክታ ውስጥ ባክቴሪያ ሲታይ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን በዚህ ብቻ መወሰን ይቸግረዋል። አዲሱን ቀለም የሚወስደው ግን በሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና አለባቸው ካላቸው 30 አገሮች መካከል ለምትገኘው ኢትዮጵያ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።