ጉና ላይ ለማደር የሚደረግ ዝግጅት

ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ የሚያልፍ ተሳፋሪ ሁሉ የጉናን ተራራ በመስኮት ያየዋል፤ በእግሩ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ደብረ ታቦርም 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ ለጤነኛ ሰው ዋናው ፈተና መውጣቱ ሳይሆን ማደሩ ነው።

ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ከተማው ውስጥ ጋቢ የሚያስደርብ ምሽት ጫፉ አጠገብ ውርጭ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱም ደርቆ ለጉዞ ይመቻል፤ ውርጩ የሚበረታውም ያኔ ነው፤ ደመና ከሌለ መሬቱ የቀን ሙቀቱን ይዞ አያድርምና። ብዙ ሰው ስለ ድንኳኑ ይጨነቃል። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለሥሩ ምንጣፍ ነው፤ ብርድ ከመሬት ይገባል። ወፍራም ምንጣፍ፣ ስሊፒንግ ባግና ጋቢ፣ ለመኝታ ብቻ የሚለበስ ደረቅ ልብስም በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ።

በስንቅ በኩል አገሩ ራሱ አዋቂ ነው። 4,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስልም፤ ነዳጅ ይጨርሳል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ግን ቀድመው የተሰናዱ፣ ቀላልና ቶሎ የማይበላሹ ናቸው። በሶ በውኃ ብቻ ይበጠበጣል። ለማታ ሽሮ ይበቃል። ከብት እስከ ላይ ድረስ ስለሚሰማራ የምንጭ ውኃ ሳይቀር ቢያንስ 3 ደቂቃ ይፍላ።

3,000 ሜትር ካለፉ በኋላ ማደሪያዎን በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አያድርጉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ባሉበት ይረፉ፤ ካልተሻለ ይውረዱ። የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የተምታታበት ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር መውረድ አለበት።

እዚህ ባለቤት የሌለው ዱር የለም። ሜዳው የአንድ ቀበሌ ግጦሽ፣ ጫካውም የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ሳይመሽ ወደ ሰፈሩ ጠጋ ብሎ «ቤቶች!» ማለት፣ ሽማግሌዎችን ማስፈቀድና የአካባቢውን ሰው በክፍያ መንገድ መሪ አድርጎ መያዝ ከየትኛውም ካርታ ይበልጣል። መሪው የውኃውን ቦታና ጅብ የሚመላለስበትን ያውቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስለቆየም፣ የሰላሙን ሁኔታ ከቀበሌና ከወረዳ ሳያረጋግጡ መነሳት ተገቢ አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቅር፤ ተራራው የትም አይሄድም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ለእሳት ብላችሁ የተራራውን ዕፅዋት፣ አስታና ጅብራን፣ አትቁረጡ፤ ቡታጋዝ ተሸከሙ። የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ሐይቅ የሚገቡት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ነውና።