ከትልቁ ሣጥን ወደ ትንሹ ሣጥን፤ የቪዲዮ ሥራና ማኅደሩ በአርባ ምንጭ

አርባ ምንጭን ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ከተማይቱ ሁለት ናት፤ ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ ትባላለች። እኛ የቪዲዮ ሥራ የምንሠራባት አንዲት ክፍል ያለችው ከታች በሲቀላ ነው። ከሴቻ ዳገት ላይ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው አባያና ጫሞ ግራና ቀኝ ተኝተው፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ ተጋድሞ ሲታይ ደስ ያሰኛል። በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ግን በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ ፊልም ለሚቆርጥና ለሚቀጥል ሰው የሐይቁ ውበት ትዝ አይለውም፤ የሚያስበው ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው።

እስከ አምና ድረስ በዚህች ክፍል ውስጥ ከእኛ ጋራ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ይኖር ነበር። ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ክብደቱ ጎረምሳውን ደረጃ ላይ የሚያስተነፍስ፣ ሦስት ማራገቢያ ያለው ሣጥን ነበረ። ሥራ በጀመረ ጊዜ ድምፁ የወፍጮ ቤት ያህል ስለ ነበረ ሙሽሮች የሰርጋቸውን ፊልም ለማየት ሲመጡ «ይህ ደግሞ ምን የሚፈጭ ነው?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። በየሁለት ወሩ ክዳኑን ከፍተን በብሩሽ ስናጸዳው የሚወጣው አቧራ ጎመን የሚያበቅል ይመስል ነበር። ይህን የምንጽፈው በአሮጌው ዕቃችን ለማላገጥ አይደለም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንጀራችንን ሰጥቶናል።

ወደ ትንሹ ኮምፒዩተር እንድንዞር ያስገደደን ነገር ጫጫታው አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ወደ ዶርዜ ወጥተን አንድ ሽማግሌ ሸማኔን ሁለት ቀን ቀርጸን ነበር። በዚያ አገር መፍተል የሴት፣ ሸማ መሥራት የወንድ ሙያ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ እኒህም አባት ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሸማኔ ጉድጓድ ያልተለዩ ነበሩ። ድሩን ሲዘረጉ ክሩን በጋሞኛ እየቆጠሩ፣ የጥለቱን ዓይነት አንድ በአንድ በስሙ እየጠሩ፣ አባታቸው ሸማ ተሸክመው በእግር አዲስ አበባ ድረስ እንዴት ይሄዱ እንደ ነበረ ያወጉን ነበር። ፊልሙ በጠቅላላው አራት ሰዓት ይሆናል። ትልቁ ሣጥን ሆዱ ሞልቶ ስለ ነበረ በአንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠን አስቀመጥነው። ሁለተኛ ግልባጭ አላደረግንም።

ሽማግሌው በ2014 ዓ.ም. ዐረፉ። በዓመቱ ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥቶ «ጋሼ፣ የአባባን ድምፅ ለመስማት ነው የመጣሁት» አለን። ዲስኩን አውጥተን ብንሰካው ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰጠን እንጂ ሌላ ነገር አላሳየንም። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ያችን ጠቅታ ያውቋታል። በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይሽከረከራል፤ የሚያነበውም ራስ ሳህኑን ሳይነካ እጅግ በቀጠነ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ዕቃው ወድቆ ወይም አርጅቶ ራሱ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ቦታውን እየፈለገና እያጣ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድነው፤ አልሆነለትም። ከአራቱ ሰዓት የተረፈው ቀደም ሲል ለሌላ ሥራ ቆርጠን ያወጣናት የ11 ደቂቃ ቁራጭ ብቻ ነበረች። ልጁ እርስዋን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተመለከተ፤ አመስግኖንም ሄደ። ቢሰድበን ይቀለን ነበር።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ከአሜሪካው የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሲወጣ 50 ሳህን፣ አንድ ቶን ያህል ክብደት ነበረው፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበረ። ዛሬ ከኪስ የሚገባው ባለ ሁለት ቴራባይት ዲስክ በፊደል ቁጥር ከዚያ 400 ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ይይዛል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ትንሽ ዕቃ ከጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ምን ያህል ነገር አብሮት እንደሚወድቅ አንባቢ ይገምተው።

ለመሆኑ ቪዲዮ ምን ያህል ቦታ ይበላል? ካሜራው አራት ኬ በሚባለው ጥራት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀርጽ አንዱ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሆናል። አንድ ሰርግ በሁለት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ቢቀረጽ 450 ጊጋባይት መጣ ማለት ነው። በጥር ወር ደግሞ ሰርግ ሰርግን እየተከተለ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ምረቃ አለ፤ ከዚያም መስቀል፣ በጋሞ አጠራር ዮ ማስቃላ፣ ሲደርስ ሁሉም ሰው ካሜራ ይፈልጋል።

«ላፕቶፕ አትገዙም ወይ?» ያሉን ወዳጆች ብዙ ናቸው። በከተማችን የብዙ ወጣቶች ምርጫ እርሱ ነው፤ ካሜራውንም ላፕቶፑንም በአንድ ቦርሳ ይዞ ለሚዞር ሰው እኛም የምንመክረው እርሱኑ ነው። ለእኛ ግን ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ነበሩን፤ ላፕቶፕ ሲገዛ ለእነዚህ ሁሉ እንደገና ገንዘብ መክፈል ሊሆን ነው። ሌላው ችግር ሙቀቱ ነው። ላፕቶፕ በቀጭን ገላው ውስጥ ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። በጥቅምት በአንድ ሰዓት ያለቀ ሥራ በመጋቢት አንድ ሰዓት ተኩል ሲፈጅ አይተናል።

ትንንሾቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ዊንዶውስ የሚጫንባቸው ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል በአሜሪካና በአውሮጳ መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የሚመጡት የዴልና የሌኖቮ ትንንሽ ሣጥኖች ይገኙባቸዋል። የኢንቴል ኩባንያም ኑክ የሚባለውን ዓይነት ዐሥር ዓመት ያህል ሲሠራ ቆይቶ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ሥራውን ለአሱስ ኩባንያ አስተላልፏል። የዚህ ወገን ደግነት ክዳኑን ከፍቶ ሜሞሪና ዲስክ መጨመር መቻሉ ነው። ሁለተኛው ወገን የአፕል ማክ ሚኒ ነው። እርሱም በ2005 ተጀምሮ፣ በ2020 ኩባንያው ራሱ በሠራው ቺፕ መሥራት ጀመረ፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ከቀድሞው አንሶ ወጣ። ወርድና ቁመቱ 12.7 ሳንቲሜትር፣ ከፍታው 5 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ በታች ነው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አይተውት «ይህ የሰበዝ ሙዳይ ያህል ነው፤ ሌላው የት ሄደ?» አሉን።

እኛ ይህን ሁለተኛውን መረጥን። ቪዲዮን የሚፈታና የሚያጥፍ ልዩ ክፍል በቺፑ ውስጥ ስላለው የዛሬ ካሜራዎች እጅግ ጨምቀው የሚያስቀምጡትን ፊልም ሳይደነቃቀፍ ያጫውታል። ትልቁ ሣጥን በዚህ በኩል ይቸገር ስለ ነበረ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ለፊልሙ ሁሉ ቀለል ያለ ግልባጭ መሥራት ነበረብን፤ ለአንድ ሰርግ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነገር ነበረ።

በይበልጥ ያሳመነን ግን የመብራት ነገር ነው። በከተማችን መብራት ሲጠፋ የሚመለስበትን ሰዓት አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ተራ ዩ ፒ ኤስ ውስጥ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው፤ ሲለወጥ የሚባክነውም ይቀነሳል። ትልቁ ሣጥን ከነስክሪኑ 250 ዋት ያህል ይጎትት ስለ ነበረ ዩ ፒ ኤሱ ሥራ አስቀምጦ ለማጥፋት ያህል ብቻ ይበቃው ነበር። ትንሹ ግን ባለ ኤም 4 ቺፕ የሆነው ቢበዛ 65 ዋት የሚወስድ ነው፤ በተራ ሥራ ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። በዚያው ዩ ፒ ኤስ አሁን ግማሽ ሰዓት ከዚያም በላይ እንሠራለን። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሶላር ባትሪ ያለው ሰው ግማሹን ብቻ ቢጠቀም እንኳ የአንድ ቀን ሥራ ይሠራበታል። መብራት ባልደረሰበት የጋሞ ደጋ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ አንናገርም፤ ዛሬ የጻፍነው ነገ ሐሰት ይሆንብናል። የዚህ ዕቃ ዋጋ በአሜሪካ ሲወጣ 599 ዶላር ነበረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለ ነበረ፣ 599 ዶላር 34 ሺህ ብር ያህል ነበረ ማለት ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ይኸው ገንዘብ ወደ 60 ሺህ ብር ወጣ፤ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይታሰብ። ዲስኩ በ2015 ተሰብሮብን እስከ 2017 ዓ.ም. የቆየነው በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻም ትልቁን ሣጥንና አንድ የካሜራ ሌንስ ሸጥን። ሌንሱ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ነውሩን ሳንናገር ማለፍ ደግ አይሆንም። የማብሪያው ቁልፍ ከሣጥኑ ሥር ነው፤ ለማብራት ዕቃውን ቀና ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህን ማን እንዳሰበው እንጃ። ሜሞሪው ከቺፑ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለ ሆነ ሲገዛ የተወሰነው እስከ መጨረሻው ያው ነው። የውስጥ ማስቀመጫው ዕቃው ሲወጣ በዝቅተኛው ዋጋ 256 ጊጋባይት ብቻ ነበረ፤ ለአንድ ሙሉ ሰርግ እንኳ አይበቃም። የካሜራ ካርድ ማስገቢያም ሆነ የድሮው ሰፊ የዩ ኤስ ቢ ቀዳዳ የለውም። በመጀመሪያው ቀን ማውሱን የምንሰካበት አጥተን አንዲት መቀጠያ ፍለጋ ሲቀላን ዞረናል፤ አዲሱ ዕቃችንም እስከ ማታ ድረስ ጌጥ ሆኖ ተቀመጠ። በማግሥቱ ደግሞ የድሮ ዲስኮቻችን ለዊንዶውስ የተዘጋጁ ስለ ነበሩ ይነበባሉ እንጂ አይጻፍባቸውም። ሁሉንም አንድ በአንድ ገልብጠን፣ ሁለቱም ወገን በሚያውቀው ኤክስፋት በሚባለው ስልት እንደገና ማዘጋጀት ነበረብን። በቀድሞው ኮምፒዩተር በኒያላ ፊደል የጻፍናቸው የአማርኛ ርእሶችም መልካቸው ተለውጦ መጡ፤ ኒያላ የዊንዶውስ፣ ኬፋ የማክ ነውና።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። በእጅ ላይ ያለው ሥራ በአንዲት የውጭ ኤስ ኤስ ዲ ላይ ይቀመጣል፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌላት ፈጣን ናት፤ መውደቅንም ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ትችላለች። ነገር ግን ያለ መብራት ለብዙ ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ እንድትቆይ አንተማመንባትም። ስለዚህ ያለቀው ሥራ በሁለት ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ አንደኛው በሲቀላ ይቀራል፣ ሁለተኛው ሴቻ እኅታችን ዘንድ ይሄዳል። ሌባም ቢመጣ፣ እሳትም ቢነሣ ሁለቱን ቤት በአንድ ሌሊት አያገኛቸውም። ዋና ዋናው ነገር በሦስተኛ ዲስክ ሆኖ በታመነ ሰው እጅ አዲስ አበባ ይላካል። «በኢንተርኔት አይላክም ወይ?» ለሚል፣ 180 ጊጋባይት በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሄድ መሥመር ያለ ዕረፍት 40 ሰዓት ይፈጃል፤ አውቶቡስ ይቀድመዋል። በየስድስት ወሩም ዲስኮቹን ሁሉ አውጥተን እንከፍታቸዋለን። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለ ዲስክ ደኅና ነው ማለትን ያ የዶርዜ ልጅ አስትቶናል።

የቀኑ ነገርም አስቸግሮን ነበር። ካሜራው የሚጽፈው በአውሮጳ ቀን ነው፤ ባለጉዳዩ «የጥር 12 ሰርግ» ብሎ ይመጣል። አሁን በእያንዳንዱ ማኅደር ስም ላይ ሁለቱንም ቀን፣ ከዚያም ቦታውን፣ ከዚያም የሰውየውን ስም እንጽፋለን።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው፣ በቁጣ ከወጡ ወጣቶች ፊት በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበርክከው ጠብን እንዳበረዱ አገር ሁሉ ያስታውሳል። አገር ሁሉ ሊያይ የቻለው የቀረጸ ሰው ስለ ነበረ ነው። ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ በተላለፈ ቁጥር ግን እየተጨመቀ ጥራቱ ይወርዳል፤ ፊትና ሣሩ እስኪደበላለቅ ድረስ። በዚያን ቀን የቀረጹ ልጆች ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ እንደ ሆነ፣ ዋናውን ፊልም ከስልካቸው አውጥተው በሁለት ቦታ እንዲያስቀምጡት እንለምናቸዋለን።

ባለፈው መስቀል ትንሹን ሣጥን በፎጣ ጠቅልለን በቦርሳ ይዘን ወደ ዶርዜ ወጣን። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ 1,300 ሜትር ከማይሞላ ቆላ ተነሥቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ወደሆነ ብርድ ስለሚያደርስ፣ ከታች በሸሚዝ የተነሣ ሰው ከላይ ጋቢ ይለምናል። በሟቹ ሸማኔ ቤት ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰክተን ያችን 11 ደቂቃ ለቤተ ዘመዱ አሳየን። ባልቴቲቱ ድምፃቸውን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። በማግሥቱ ደግሞ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ እርሳቸውም ሸማኔ ናቸው፣ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው ክሩን እንደ ወንድማቸው በጋሞኛ እየቆጠሩ ጥለቱን በስሙ ጠሩልን። የማያውቁት ስም ሲያጋጥማቸው «ይህን እርሱ ነበር የሚያውቀው» እያሉ ያልፉት ነበር።

በዚያው ምሽት፣ እራት ሳይቀርብ፣ የተቀረጸውን በሁለት ዲስክ ገለበጥነው። ሰውዬው አጠገባችን ቆመው «ይህስ አይጠፋም?» ብለው ጠየቁን። አንደኛው ዲስክ ከእኛ ጋር ወደ ሲቀላ ወረደ። ሁለተኛውን ባልቴቲቱ ተቀብለው በመቀነት ጠቅልለው የክት ልብሳቸውን ከሚያኖሩበት ሣጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት፤ ቁልፉንም አንገታቸው ላይ አሰሩት።