ሜትሩ «8» ቢያሳይ ልግባ ወይስ አልግባ?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ጋዝ መለኪያው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ 8 ፒፒኤም አሳየ። ሠራተኛ ላስገባ ወይስ ላስቁም?» ጠያቂዎቹ የቆዳ ፋብሪካ ፎርማኖች፣ የፍሳሽ መኪና ሠራተኞች፣ አዲስ የተቀጠሩ ሴፍቲ ኦፊሰሮች ናቸው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ለስንት ደቂቃ? በማን ገደብ? እነዚህ ሁለቱ ካልታወቁ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ከፒፒኤም እንጀምር። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ የጋዙ ድርሻ ስንት ነው ማለት ነው። 1,000 ሊትር በሚይዝ ባዶ ሮቶ ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ጋዝ ቢለቀቅ 1 ፒፒኤም ይሆናል። መጠኑ ከቁም ነገር የሚቆጠር አይመስልም፤ ግን የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከዚህም በጣም አንሶ አፍንጫ ይለየዋል።

ገደብ ሲባል ደግሞ አንድ ቁጥር አይደለም። አራት ዓይነት አለ፦

1. የ8 ሰዓት አማካይ፦ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የተሰላ።
2. የአጭር ጊዜ ገደብ፦ በአብዛኛው የ15 ደቂቃ አማካይ።
3. ጣሪያ፦ በሥራው ሰዓት መታለፍ የሌለበት።
4. ለሕይወት አስጊ መጠን፦ ከዚህ ላይ ሲደርስ ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ ማምለጥ ብቻ ነው።

አሁን ሃይድሮጂን ሰልፋይድን በእነዚህ እንመዝነው። ኤሲጂአይኤች የተባለው የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ሃይጂን ባለሙያዎች ማኅበር የ8 ሰዓቱን 1፣ የ15 ደቂቃውን 5 ፒፒኤም ይላል። የአውሮፓ ኅብረት 5 እና 10 አድርጎታል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ ለ10 ደቂቃ 10 ፒፒኤም ጣሪያ ያስቀምጣል። እዚያው አሜሪካ ሕግ የሚያስከብረው ኦሻ ግን በአጠቃላይ ኢንዱስትሪ ጣሪያው 20 ነው። ለሕይወት አስጊ የሚባለው 100 ነው።

ስለዚህ ያቺ 8 በአንዱ ሚዛን ለ15 ደቂቃም አትፈቀድም፤ በሌላው ለአጭር ጊዜ ትፈቀዳለች፣ ለሙሉ ቀን ግን አትሆንም፤ በሦስተኛው ምንም ሕግ አልተጣሰም። ሰውየው ያው ነው፣ አየሩም ያው ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ኦሻ አብዛኞቹን ቁጥሮች በ1971 ሲያጸድቅ የወሰዳቸው በ1960ዎቹ ማብቂያ ከነበሩ ዝርዝሮች ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙዎቹ ጊዜ ያለፈባቸው መሆናቸውን መሥሪያ ቤቱ ራሱ በይፋ ይናገራል። ሕግ የሚፈቅደው ሌላ፣ ሳንባ የሚችለው ሌላ ነው። እኔ ስመክር ሁልጊዜ ጥብቁን እይዛለሁ።

አማካይም የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ሠራተኛ 900 ፒፒኤም ባለበት ጉድጓድ ለ1 ደቂቃ ገባ እንበል፤ ቀሪውን 7 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ንጹሕ አየር ላይ ዋለ። 900ን ለ480 ደቂቃ ስናካፍል 2 ፒፒኤም እንኳ አይሞላም፤ ከአውሮፓው የ8 ሰዓት ገደብ በታች ነው። በወረቀቱ ደኅና ነው። ሰውየው ግን በዚያች አንድ ደቂቃ፣ በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ቶሎ ካልወጣም ይሞታል። የአጭር ጊዜ ገደብና ጣሪያ ያስፈለጉት ለዚህ ነው።

ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም እንየው። ጠዋት 4 ሰዓት በ60፣ ከሰዓት 4 ሰዓት በ20 ፒፒኤም ውስጥ የሠራ ሰው አማካዩ 40 ነው። ከኦሻው 50 በታች ነው፤ ከናዮሹ 35 እና ከኤሲጂአይኤቹ 25 ግን በላይ ነው። «ገደቡን አላለፍንም» ሲሏችሁ «የማንን?» ብላችሁ ጠይቁ።

12 ሰዓት የምትሠሩም ልብ በሉ። ገደቦቹ የተሠሩት ሠራተኛው 8 ሰዓት ሠርቶ በቀሪው 16 ሰዓት ሰውነቱ ያገግማል በሚል ነው። ሺፍቱ 12 ሲሆን ብዙ የተጋለጠ ሰው ጥቂት ያርፋል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የብሪፍና ስካላ ስሌት የ8 ሰዓቱን ገደብ በዚህ ጊዜ በግማሽ ይቀንሰዋል፦ 8 ለ12 ሲካፈል፣ በ12 ለ16 ሲባዛ፣ ግማሽ ይመጣል።

«እኔ ሽታውን አውቀዋለሁ» የሚለው ልማድ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ወደ 100 ፒፒኤም ሲጠጋ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል። ሽታው ድንገት ሲጠፋ ሰው «ለቀቀ» ይላል፤ ጋዙ ግን ጨምሮ ሊሆን ይችላል።

በቆዳ ሥራ ጋዙ ከየት ይመጣል? ፀጉር ለማንሳት ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ይገባል። ኖራው ፒኤቹን ከፍ እስካደረገው ድረስ ሰልፋይዱ ውኃው ውስጥ እንደሟሟ ይቆያል። አሲድ ያለበት የፒክል ወይም የክሮም ፍሳሽ ከዚህ ጋር በአንድ ቦይ ሲገናኝ ፒኤቹ ይወርዳል፤ ሰልፋይዱም ጋዝ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ዋናው መከላከያ ሁለቱን ፍሳሾች አለማገናኘት ነው። ማስክ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሽንት ቤት ጉድጓድ ያለ አየር የሚበሰብሰው ቆሻሻም ይህንኑ ጋዝ ያመነጫል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። 8 ካሳየ ማንም ጉድጓድ ውስጥ አይግባ። ቁጥሩ ከጥብቁ የ15 ደቂቃ ገደብ በላይ ነው፤ ባለበትም አይቆይም። ዝቃጩ ሲነካና ሲማሰል የታመቀው ጋዝ ባንዴ ስለሚወጣ 8 የነበረው በደቂቃ ውስጥ መቶዎች ሊገባ ይችላል። ደግሞም የብዙ መለኪያዎች የመጀመሪያ ማንቂያ ከአምራቹ ሲመጣ 10 ፒፒኤም ላይ የተሞላ ነው፤ 8 ላይ ምንም አይጮኹም። ዝም ማለታቸውን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት።

ከመግባት በፊት ይህን አድርጉ፦

• መለኪያው በትክክል እንደሚሠራ በታወቀ ጋዝ ፈትኑት።
• ከውጭ ሆናችሁ በቱቦ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ለኩ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል።
• ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ ኦክስጅን (ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ)፣ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ከዚያ መርዛማው።
• በአየር ማናፈሻ አናፍሱ፣ እንደገና ለኩ፤ ሥራው እስኪያልቅም መለካት አታቁሙ።
• የጨርቅ ወይም የአቧራ ማስክ ጋዝ አያግድም። ባለማጣሪያ ማስክም ኦክስጅን አይሰጥም። አስጊ መጠን ባለበት የሚያገለግለው የራሱ አየር ያለው መሣሪያ ነው።

አንድ ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትግቡ። ናዮሽ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ባሉ ጠባብ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ ሌላውን ለማዳን የገቡ ናቸው ብሏል። ስለዚህ የሚገባው ሰው ቀበቶና ገመድ ታስሮለት፣ ከላይም የሚጎትተው ሰው ቆሞ መሆን አለበት።

አሠሪዎችም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ሠራተኛው አደጋውን እንዲያውቅ የማድረግና መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ ጥሎባችኋል። መለኪያ ግዙ፤ በየጊዜውም አስመርምሩት።

ይህን ጽሑፍ ጉድጓድ ለሚያወጡ፣ በቆዳ ፋብሪካና በፍሳሽ ማጣሪያ ለሚሠሩ ወገኖቻችን አድርሱልኝ። ያልተለካ ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይግባ።